በሱልጣኑ ማኅተም ሥር

ኳላ ሰንተሉ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1997 እ.ኤ.አ.

ለእታለም ሃሊጃ፣ ማላካ

…የወርቁ ሳጥን ክዳን አልገጥም ብሎ ነበር። እኔ ሳጥኑን በጉልበቴ ደግፌ፣ አንቺ በመስኮቱ እጅሽን አውጥተሽ። «ቶሎ በል አንተ፣ እማ ሳትመጣ!» ሌላ ነገር ልጽፍልሽ ነበር የተቀመጥኩት። እጄ ግን የሚጽፈው ይህንኑ ነው።

ደህና ነኝ። ከሚነደው ጫካ የሚመጣው ጭስ ፀሐይዋን ከጋረዳት ሁለተኛ ወሩ ነው፤ እናንተም ዘንድ ደረሰ አሉ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። «ሳልሞት አንድ ሰው እውነቱን ይናገርልኝ፤ የልጅ ልጆቼ ይስሙት» ያልሽውን ደጋግሜ አነበብኩት።

ያ አንድ ሰው እኔ ነኝ። ሌላ ማን ቀረ?

ሟቹን ሱልጣን የአገር ጀግና ለማሰኘት ኮሚቴ ከጃካርታ መጥቶ ነበር። የነፃነቱን ጦርነት በገዛ ወርቃቸው ደግፈዋል ነው ነገሩ። አብራቸው የመጣች አንዲት የታሪክ አጥኚ፣ ዶክተር ወርዳኒ የምትባል ልጅ፣ የሆላንዶችን መዝገብ ይዛለች። «በዚያ ዓመት የቤተ መንግሥቱ ግምጃ ቤት ባዶ ነበር» አለች።

የሱልጣኑ የልጅ ልጅ ተንኩ ባህሩም ሳቁ። «የጠላት ወረቀት ታምኛለሽ እንዴ ልጄ? የወርቁን ሳጥን የተሸከመው ሰው እዚህ ቁጭ ብሎ!» ወደ እኔ ዞሩ። «ንገራት እንጂ ሻምሲር! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቤተ መንግሥቱን ለሚጎበኝ ተማሪ ስትለፈልፈው ኖረህ ዛሬ አፍህ ተለጎመ?»

«ወርቁ የማን ነበር አባባ?» አለችኝ ልጅቷ።

ለጦርነቱ ወርቅ ልሰበስብ ቤት ለቤት የዞርኩት እኔ ነኝ፤ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ያገቡት ሴቶች አምባራቸውን ሰጡ። የልጃገረድ ጉትቻ ግን ከሠርጓ ቀን በፊት ከወለቀ ወንድ ነካት ያሰኛልና ማንም አልጠየቀም። አንቺ ብቻ አውልቀሽ በመስኮቱ አቀበልሽኝ። ሱልጣኑ የሰጡት ሳጥኑ የታሸገበትን ሰምና ማኅተም ብቻ ነው።

ከዚያ የእጮኛሽ እናት መጣች። «የልጅቷ ጆሮ ባዶ ነው! ማን ይሆን ያወለቀላት?» ጎረቤት እየሰማ፣ እየሳቀች። አንቺ ወደ እኔ ጠቆምሽ። «ለነፃነት ነው የሰጠሁት። ጠይቁት፣ እሱ ነው የተቀበለኝ!» እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

ቤተ መንግሥቱ ምስጢር ነው ብሎ አስምሎኝ ነበር። እንዲህ እያልኩ ራሴን ሳታልል ኖርኩ። ሆላንዶች ከሄዱ በኋላስ? ያኔ ማን ከለከለኝ? የማጣው የቤተ መንግሥቱ ጥበቃ ሥራ ነበር። የሰጡኝ ይህ ቤት ነበር። አንቺ ደግሞ ሠርግሽ ፈርሶ፣ ከዚያ ቀን በሦስተኛው ሳምንት በዓሣ አጥማጆች ጀልባ ባሕሩን ተሻግረሽ ነበር። እማ ጀልባው እስኪጠፋ ቆማ አየች። እኔ ጓሮ ነበርኩ፤ ምን እሠራ እንደነበር አላስታውስም።

«የሱልጣኑ ነው» አልኳት። የምስክርነት ቃሌ ላይ ፈረምኩ፣ እታለም።

ተንኩ ባህሩም አቀፉኝ። ማታ አንድ ቅርጫት ፍራፍሬ ላኩልኝ፤ ለጎረቤት ሰጠሁት።

ይቅር በይኝ ብዬ አልጽፍም። ይቅር ብትይኝ ምን አደርገዋለሁ? አላህ ዓይንሽን ይጠብቅልሽ፤ የልጅ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፤ ከዚህ ጭስ ይሰውራችሁ።

ታናሽ ወንድምሽ
ሻምሲር

ደብዳቤውን ሳላሽገው ያቺ ታሪክ አጥኚ ልጅ ዛሬ ብቻዋን ተመልሳ መጣች። ጫማዋን ደጃፍ አውልቃ ገባች። ሻይ አልፈልግም አለች።

«አባባ፣ ገበያ ላይ አንዲት አሮጊት ስለ እህትዎ ነገሩኝ። ስለ ጉትቻዋ። ማላካ ናት አሉ። አድራሻዋን ብቻ ይስጡኝ፤ እርስዎ ምንም አይናገሩ። ከእሷ ከሰማሁ ይበቃኛል።»

ያንቺ ፖስታ፣ አድራሻሽ በጉልህ ተጽፎበት፣ ጠረጴዛው ላይ በመካከላችን ነበር። ክርኔን አሳረፍኩበት።

«ሞታለች» አልኳት።

«አላህ ይዘንላት» አለች። ከዚያ ወጣችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።