ድምፅ ሳናሰማ የቀዳናቸው ሸክሎችህ

አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ሞላ። ሙት ዓመትህን ያወጣነው የግሸን ተጓዦችን የጫኑት አውቶቡሶች በከተማችን ማለፍ በጀመሩበት ሰሞን ነው። ቀሳውስቱ ጸሎታቸውን አድርሰው፣ ጎረቤቱ ዳሱን አፍርሶ፣ የተዋስነውን ዕቃ ሁሉ ለየባለቤቱ ከመለስን በኋላ ቤቱ ለእማዬና ለእኔ ብቻ ቀረ። ለመጻፍ የተቀመጥኩት አሁን ነው።

በሕይወት ሳለህ ብዙ አላወራሁህም። ወፍጮው ጆሮህን ስለጎዳው ቀስ ብዬ የምለውን አትሰማም ነበር፤ እኔ ደግሞ ጮክ ብዬ መናገር አይሆንልኝም። ስለዚህ አንተ ከሄድክ ወዲህ ቤታችን ውስጥ የሆነውን፣ በተለይ የዘፈን ሸክሎችህን ነገር፣ በጽሑፍ ልንገርህ።

ወፍጮ ቤቱን ሌላ ሰው ይዞታል። ጠዋት ሞተሩን ሲያስነሣ እዚህ ድረስ ይሰማናል። እማዬ «ቸኮለ» ትላለች። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ትምህርት ቤት አልተመለስኩም። የጓሮውን ጎመን እንከባከባለሁ፣ ገበያም እወጣለሁ። ሐይቁ ዘንድሮ ሞልቶ እሑድ እሑድ የምትቀመጥበትን ድንጋይ ውጦታል።

ከወፍጮ ቤት ስትመለስ ሁልጊዜ ትዝ ትለኛለህ። እስከ ክርንህ ብትታጠብም ቅንድብህና ከጆሮህ ጀርባ ያለው ዱቄት አይለቅም። ሸክላውን በጠርዙ ይዘህ ታወጣና በጋቢህ ጫፍ ትወለውለዋለህ፣ መርፌውን ታስቀምጥና ጆሮህን ከድምፅ ማጉያው ላይ ትለጥፋለህ። እኔ በወዲያኛው በኩል ግድግዳውን ተደግፌ እቀመጣለሁ። ምንም አንባባልም። አንተ ራስህን ስትነቀንቅ እኔም እነቀንቃለሁ።

ያ በአምባሰል ቅኝት የተዘፈነው ሸክላ አንድ ቦታ ላይ ተጭሯል። ዘፋኟ እዚያ ስትደርስ መርፌው ይይዛትና ያንኑ ቃል ትደጋግማለች። እማዬ ከጓዳ ሆና «ኧረ ሴትዮዋ ተንተባተበች!» ስትል፣ አንተ «ተያት፣ የአገሯን ስም ስትጠራ ሆድ ብሷት ነው» ትላታለህ። እማዬ የአምባሰል ልጅ ናትና ቀልዱ ለማን እንደሆነ ታውቃለች። ከዚያ ቀና ሳትል በትንሿ ጣትህ የማጫወቻውን ክንድ መታ ታደርገዋለህ፤ ዘፈኑም ይቀጥላል።

በአርባህ ዕለት ታላቅ ወንድምህ ጋሽ ይመር ስለ ሸክሎቹ ተናገረ። ደሴ ቡና ቤት ስትሠሩ፣ ካሴት መጥቶ ሸክላ ሲቀር ባለቤቱ ለሁለታችሁ እንደሰጣችሁ አስታወሰን። እስከ ዛሬ ከአንተ ጋር ቆይተዋል፤ ከእንግዲህ ከእሱ ጋር ይሁኑ፣ ማጫወቻውም እንዲሁ አለ። ሙት ዓመትህ ሲወጣ መጥቶ እንደሚወስዳቸው ነገረን። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ሲናገር ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እማዬም «ድርሻው ነው፣ ይውሰድ» አለች። እኔን የጠየቀኝ የለም፤ ቢጠይቁኝም አልመልስም ነበር። ግን አባዬ፣ እኔና አንተ የተነጋገርነው በእነሱ ብቻ ነው። እነሱ ከሄዱ ከአንተ ጋር ያወራሁበት ነገር ሁሉ አብሮ ይሄዳል ብዬ ፈራሁ።

በመኪናው መንገድ ዳር ሬዲዮና ስልክ የሚጠግነውን ሰይድን ታውቀዋለህ። የሰርግ ካሴት ወደ ሚሞሪ ይገለብጣል ሲባል ሰምቼ ሄድኩ። ደጁ ስደርስ አፌ ተሳሰረና የባትሪ ድንጋይ ገዝቼ ተመለስኩ። በሌላም ቀን እንዲሁ። እንደገና ስመጣ ከሥራው ቀና ብሎ፣ «አንቺ ልጅ፣ ድንጋዩን ትቆረጥሚዋለሽ እንዴ?» አለኝ። እዚያ የነበሩት የባጃጅ ሾፌሮች ሳቁብኝ። ከማፈሬ ብዛት «የአባቴ ሸክላ...» የሚለው በራሱ ጊዜ ከአፌ ወጣ። ሰይድ የያዘውን አስቀመጠ። «የወፍጮው ጋሼ ልጅ ነሽ? ነፍሱን ይማረው። አብሽሪ፣ እንገለብጠዋለን፤ ማጫወቻውን ከነሸክላው አምጪው።»

እማዬ ግን ተቆጣች። «ዓመቱ ሳይሞላ ዘፈን? ሬዲዮ እንኳ ያልተከፈተበት ቤት? በመንገድ ተሸክመሽው ስትሄጂ ሰው ምን ይለናል?» ዓመቱ እስኪሞላ ብንጠብቅ ደግሞ ጋሽ ይመር ይወስዳቸዋል። አልተከራከርኳትም፤ ደጁ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ብዙ ቆይታ መጣችና፣ «ከቤት አይወጣም፤ ድምፁም አይሰማም። በዚህ ከተቻለ አድርጊው» አለች። አይሆንም ማለቷ መስሎኝ ነበር።

ይህንን ለሰይድ ስነግረው ይስቅብኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን አገጩን አከከና «ድምፅ ሳይሰማ? ወላሂ ከዚህ የሚቀል የለም» አለ። ላፕቶፑን በፎጣ ጠቅልሎ ቤት ድረስ መጣ። የማጫወቻውን ጀርባ ፈትቶ ወደ ድምፅ ማጉያው የሚሄደውን ሽቦ ቆረጠና ከላፕቶፑ ጋር አገናኘው። ዘፈኑ በሽቦው ውስጥ ያልፋል እንጂ ወደ ቤቱ አይወጣም። ሸክሎቹን ሲያይ ጣቱ ነጣ። «ይኼ ሁሉ ዱቄት ነው? ጋሼ እዚህም ይፈጭ ነበር እንዴ!» አለ፤ እማዬ ከሐዘኑ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ስትል አየኋት። ሳሙና ጠብ ባለበት ውኃና በለስላሳ ጨርቅ እንዴት እንደሚታጠቡ አሳየኝ። አጠብኳቸው። ውኃው እየደፈረሰ ሲሄድ ግን ልቤ እንቢ አለኝና የአምባሰሉን ሳላጥበው ወደ ካርቶኑ መለስኩት።

ሰይድ በኤርፎን እያዳመጥኩ እንድቀዳ ፈልጎ ነበር። እንቢ አልኩት፤ በጆሮ ውስጥ ቢሆንም ዘፈን ዘፈን ነው፣ አንተም ገና ዓመትህ አልሞላም። «ታዲያ መቀዳቱን በምን ታውቂያለሽ?» አለኝና ትንሽ አሰበ። በመጨረሻ በላፕቶፑ ላይ አንድ አረንጓዴ መስመር አሳየኝ። ዘፈኑ ሲኖር ይነሣል ይወድቃል፤ ሲያልቅ ይተኛል። ከዚያ ላፕቶፑን ትቶልኝ ወደ ሱቁ ሄደ።

እንዲህ ሆነን ሰነበትን። እኔ ሸክላውን እያስቀመጥኩ አረንጓዴውን መስመር አያለሁ። እማዬ ጥቁሯን ለብሳ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ጥጥ ትፈትላለች። ሸክላው ይዞራል፣ ቤቱ ዝም ይላል። መብራት ሲጠፋ እንደገና ከመጀመሪያው እንቀዳለን። አንዳንዱ ሸክላ ወረቀቱ ስለለቀቀ ስሙን አላውቀውም፤ ለፋይሉ እኔው ስም አወጣሁለት። አንዱ «ዝናብ ሲያባራ» ይባላል።

የአምባሰሉ ተራ ሲደርስ አስጀመርኩትና ውኃ ልቀዳ ወደ ቦኖው ወጣሁ። ወረፋው ረጅም ነበር። ስመለስ አረንጓዴው መስመር አሁንም ይነሣል ይወድቃል። ይህ ዘፈን ለካ እንዲህ ረጅም ኖሯል፣ ከአንተ ጋር ስሰማው አጭር የመሰለኝ ደስ ስለሚለኝ ነው ብዬ እንስራዬን አስቀመጥኩ።

እማዬ ሳትዞር፣ «ስንዱ፣ ይዟታል እኮ» አለች።

ማን ማንን እንደያዘ አልገባኝም።

«ሴትዮዋን ነዋ! ከወጣሽ ጀምሮ እዚያው ናት።»

ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን ወደ መርፌው አስጠጋሁ። ለካ መርፌው ለራሱ ድምፅ አለው። ማጉያው ተቆርጦም ቢሆን፣ ሸክላው ላይ ሲሄድ ከሩቅ እንደሚጠራ ሰው ዓይነት ቀጭን ዘፈን ይወጣዋል። እኔ ከላዩ ተቀምጬ ያልሰማሁትን እማዬ ጀርባዋን ሰጥታ ስትሰማው ኖራለች። ይህን አንዱን ብቻ አይደለም፤ ሁሉንም። ያን ሁሉ ቀን እንዝርቷን እያሾረች ያዳመጠችው ዘፈኖችህን ነበር። መርፌው ሲይዛት አንተ የምትቀልድበት ቦታ ላይ እኔ ውኃ እስክቀዳ ድረስ ያንኑ አንድ ቃል ብቻዋን ስትሰማ ቆይታለች፤ ተነሥታ ብታስለቅቀው መስማቷ ይታወቅባታላ።

እንዝርቷን አስቀምጣ ተነሣች። በትንሿ ጣቷ ክንዱን መታ አደረገችው። ልክ እንደ አንተ ነበር። ዘፈኑ ተላቆ እስከ መጨረሻው ሄደ። ጣቷን ሳታወርድ ቆመችና «እንደገና ቅጂው። እኔ እዚሁ ነኝ» አለችኝ። እንደገና አስጀመርኩት። ሁለታችንም ማጫወቻው ላይ ጎንበስ ብለን ሰማነው። እዚያ ቦታ ሲደርስ ያዛት። እማዬ ወዲያው አልነካችውም፤ ትንሽ፣ አንተ ከምትቆየው ትንሽ በለጥ አድርጋ ቆየችና መታ አደረገችው።

ሰይድ ፋይሎቹን ሱቁ ውስጥ ሲፈትሽ ያንን ረጅሙን አገኘው። «ይቺ ሴትዮ አንድ ቃል ይዛ ልታመሽ ነው!» ብሎ ሾፌሮቹን አሳቃቸው። ነገሩን ሳስረዳው አጠፋው። ሁለተኛውን በኤርፎኑ ሲሰማ ደግሞ፣ «እዚህ ጋ ኳ የሚል አለ፤ እሱንና ድግግሞሹን ቆርጬ ላስተካክለው?» አለኝ።

«አይቆረጥም!» አልኩት። ከመንገዱ ማዶ ሰው ዞር ብሎ እስኪያየኝ ድረስ ነው የጮህኩት። አንተም ብትኖር በዚያ ድምፅ ትሰማኝ ነበር።

ጋሽ ይመር ሙት ዓመትህ ካለፈ በኋላ መጣ። ሰይድ ሽቦውን መልሶ አገናኝቶት ስለነበር ማጫወቻው ምንም አልጎደለበትም። ሸክሎቹን አንድ በአንድ እያየ ሲደረድር የአምባሰሉን ከካርቶኑ አወጣ። ጣቶቹ ነጡ። ጣቶቹን እያየ ብዙ ቆመ፤ ወደ እኔና ወደ እማዬ አልዞረም። መልሶ ሲከተው አልጠረገውም፣ መኪናው ላይ ሲወጣም ያንን እጁን ከልብሱ አርቆ ይዞት ነበር። አልተቀየምኩትም። ሸክላ ማጫወቻው የነበረበት ቦታ ላይ ግድግዳው ከሌላው ነጣ ብሎ ይታያል። እማዬ አልቀባችውም፣ እኔም ምንም አላስጠጋሁበትም።

በማግስቱ እማዬ ጥቁሯን አወለቀች። ከቁርስ በኋላ «አሁን ይቻላል» አለችኝ። ሚሞሪውን የከተትኩበትን ስልኬን መስኮቱ ላይ አስቀምጬ የአምባሰሉን ዘፈን ከፈትኩት፣ ድምፁንም እስከ መጨረሻው ጨመርኩት። ጎረቤቶቻችን በደጃችን ሲያልፉ ቆም እያሉ ሄዱ፤ ክፉ የተናገረ የለም። እማዬ ዘፈኑ ሲይዝ ፈገግ አለች፣ ሲለቅ ደግሞ አለቀሰች። እኔም ከጎኗ ነበርኩ።

አባዬ፣ አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። ሚሞሪውን ሲሰጠኝ ሰይድ እንዲህ ብሎኛል፦ «ሸክላ ሣጥን ውስጥ ትተሽው ብትረሺው ይጠብቅሻል። ይኼ ግን አይጠብቅም። ከረሳሽው አንድ ቀን ባዶ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ቶሎ ቶሎ ወደ ሌላ ገልብጪው፣ እየከፈትሽም እዪው።» መጀመሪያ ደነገጥኩ፤ የዳነ መስሎኝ ነበርና። ኋላ ሳስበው ግን ደስ አለኝ። አንድ ጊዜ ሠርቼ የምጨርሰው ነገር ቢሆን ኖሮ ከአንተ ጋር ያለኝ ሥራ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር።

ስለዚህ ቃል እገባልሃለሁ። ይህ ስልክ ሲያረጅ ወደ ሌላ ስልክ፣ ያም ሲቀር ገና ስሙን ወደማላውቀው ነገር አሻግራቸዋለሁ። ከማሻገሬ በፊት ግን አንዱንም ሳልዘል፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተቀምጬ እሰማቸዋለሁ። እኔ እስካለሁ ድረስ ባዶ አይሆኑም።

ልጅህ ስንዱ