ስሌት አዋቂ ልጅ ፍለጋ

ሰኞ፣ መቂ

በቅሎዋ ዛሬም አስቸገረችኝ። ወገቤ አልቋል። ባቡር ጣቢያ ቁጭ ብዬ ጭነት መመዝገብ ምን ነበረበት! ግን እሺ ያልኩት ራሴ ነኝ። የአዳማው ቆዳ ነጋዴ ሐጂ አብዱ፣ ስሌት የተሰጠው የድሃ ልጅ ፈልገህ አምጣ፣ ማስተማሩ በእኔ ይሁን ብለው ስንቁንም በቅሎውንም ቻሉ። ባዶ እጄን ከተመለስኩ ግን የማስተማሩ ነገር ያበቃል፤ ይህንንም ፊት ለፊት ነግረውኛል። እስካሁን ሞጆ ባዶ፣ መቂም ባዶ።

አመሻሽ ላይ ልጆች ፊደል ሲያዜሙ ሰማሁ። ዋርካ ሥር፣ የኔታ ፊት፣ ጣታችንን እያጠፍን የጾም መግቢያ ስናሰላ ትዝ አለኝ። እንዴት ያምር ነበር ያ ጊዜ! ረሃቡ ሁሉ ተረስቶኛል።

ማክሰኞ፣ ዝዋይ

ያረፍኩት ኦቦ ገመዳ ቤት ነው። የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ልጆቹን ሰበሰቡልኝ። ለእረኛ ይስማማል ብዬ ያዘጋጀሁትን ጠየቅኋቸው፦ የቤታችሁ ከብት ስንት ነው? ሲሶው ቢሸጥ ስንት ይቀራል? ሁሉም ዝም። አንዱ አላውቅም ብሎ ሸሸ። ጫልቱ የምትባል ቀጭን ልጅ መሬት መሬት እያየች "አሉ" ብቻ አለች።

እዚህም የለም። ተስፋ ቆረጥኩ።

ረቡዕ

ጉድ እኮ ነው! ጠዋት ኦቦ ገመዳ ሳቁብኝ። "ሰው ፊት ከብት ይቆጠራል እንዴ? ዓይን ይገባበታል። ጨዋ ያሳደገው ልጅ አይመልስልህም።"

እኔ ሞኝ! እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ልጆችሽ ስንት ናቸው ሲሏት "እግዜር የሰጠኝ" ነበር የምትለው። ጫጩት ስቆጥር ያገኘችኝ ቀን ጆሮዬን እንዴት እንደቆነጠጠችኝ! የቡልጋው ቤታችን እስከነአጥሩ ታየኝ።

ልጆቹን እንደገና አስጠራሁ። አሁን የየኔታን ጥያቄ አመጣሁ፦ አንዱ መንገደኛ አምስት ዳቦ፣ ሌላው ሦስት ይዟል። እንግዳ መጣና ሦስቱም እኩል ተካፍለው በሉ። እንግዳው ስምንት አሞሌ ጨው ከፍሏቸው ሄደ። እንዴት ይካፈሉት? ሁሉም አምስትና ሦስት አሉ። እኔም ልጅ ሆኜ ያልኩት ይህንኑ ነው። ጫልቱ ግን ለእያንዳንዱ ዳቦ ሦስት ሦስት ጠጠር ደረደረች፤ እንግዳው ድርሻውን ከማን ስንት እንደበላ ለየችና "ሰባትና አንድ" አለች።

እንባዬ መጣ። ያኔ ከእኛ መሀል የመለሰው ተሰማ ብቻ ነበር። የኔታ ግንባሩን ሲስሙት ቅናት ሊገድለን! ግን የሚያስተምረው አጥቶ የነጋዴ አጋሰስ ሲነዳ ቀረ። በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም። ወይ ተሰማ! ወይ ያ ጭንቅላት!

ሐሙስ

የጫልቱ ወላጆች ሞተዋል። ያሳደጓት አያቷ ናቸው፤ "አኮ" ትላቸዋለች። ዓይናቸው ደክሟል። እምቢ ይላሉ ብዬ ስፈራ፣ "ውሰዳት" አሉ በአንድ ቃል። እፎይ አልኩ። ምንም ሳላስብ እፎይ አልኩ።

ዓርብ

መንገድ። አቧራ። ጫልቱ ዞራ ዞራ ወደ ኋላ ታያለች።

ቅዳሜ፣ አዳማ

ሐጂ ሲያዩዋት "ወንድ መስሎኝ ነበር" አሉ። "መጀመሪያ ይጠይቋት" አልኳቸው። ኦሮምኛውን እንደ ውሃ ይጠጡታል፤ ስሌት ጠየቋት። ዝም። ደግመው ጠየቋት። ዝም። አለቀልን አልኩ።

ኋላ ቀና ብላ፣ "ለአኮ ውሃ ማን ይቀዳላታል?" አለች።

ልጅቷን አገኘሁ ብዬ ስፈነድቅ አሮጊቷን ማን ያስብ! አፈርኩ። ሐጂ መቁጠሪያቸውን አስቀመጡና፣ "መጀመሪያ የእሷ ጥያቄ ይመለስ። ሂድ፣ አያቷንም አምጣ" አሉኝ።

ሰኞ ወደ ዝዋይ እመለሳለሁ። ጫልቱ ሐጂ ቤት ከሴት ልጆቻቸው ጋር ቀርታለች። ስወጣ በር ድረስ ተከትላኝ፣ ትመጣለች ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት። አሮጊቷ ብቻ እሺ ይበሉልኝ።