ማሸጊያውን ቀድጄ «በእጄ የጋገርኩት ነው» ስላልኩት የአጃ ኬክ

ለአውራጃው የምግብ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሳስካችዋን
ኖቬምበር 12 ቀን 2019

ጉዳዩ፦ የተዘጋው ምርመራ እንዲከፈትና ኬኩ ከገበያ እንዲሰበሰብ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

አመልካች ኢድና ሪምፐል የአውራጃው ነዋሪና የቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ማኅበር አባል ነኝ።

1. ባለፈው ወር አቶ ሎይድ ቴሰን ሲቀበሩ፣ ከቀብር መልስ ለሚበላው ምሳ ጣፋጭ እንዳመጣ ተመደብኩ። በእኛ ዘንድ ለለቅሶ የሱቅ ነገር ይዞ መሄድ ነውር ነው። ወገቤን አሞኝ ስለነበር ግን ሁለት እሽግ የአጃ ኬክ ገዛሁ። አንዱን ቀድጄ፣ ቆራርጬ በራሴ ሳህን አቀረብኩ። የቤት እንዲመስል ጠርዙን በቢላ አበላሸሁት። ምን ያለ ቅሌት ነው!

2. የሟች ልጅ ካርላ፣ ኦቾሎኒ ለሕይወቷ የሚያሰጋት ናት። «እትዬ ኢድና፣ ይኼ ኦቾሎኒ ነክቶታል?» አለችኝ። «የጋገርኩትን አላውቀውም እንዴ? ብዪ የኔ ልጅ!» አልኳት። ማሸጊያው ላይ ኦቾሎኒ የሚል ስላልነበረ አልፈራሁም። ሁለቴ ሳትጎርስ ከንፈሯ አበጠ፣ ትንፋሽ አጠራት። የአባቷ መቃብር አፈር ሳይደርቅ እሷን በአምቡላንስ ሸኘናት።

3. የጽሕፈት ቤትዎ መርማሪ «ከሱቅ የተገዛ ነበር ወይ?» ብለው ሲጠይቁኝ ሴቶቹ ከብበውኝ ነበርና «ኧረ የምን ሱቅ!» አልኩ። ስለዚህ ጉዳዩ «የቤት ጋገራ» ተብሎ ተዘጋ። ኬኩ ግን እስከ ዛሬ ይሸጣል። ሌላ ሰው ቢሞት ደሙ በእኔ ራስ ላይ ነው።

ስለሆነም ያልተከፈተውን እሽግ ከዚህ ጋር ልኬአለሁ። በላቦራቶሪ ተመርምሮ ኦቾሎኒ ከተገኘበት እንዲሰበሰብ አመለክታለሁ። ማስታወቂያውም «ማሸጊያውን ይመልከቱ» ብቻ እንዳይል በትሕትና እለምናለሁ። ማሸጊያ የምንቀድ እኔ ብቻ አይደለሁም፤ በየቤቱ ፍሪጅ፣ በባዶ የአይስክሬም ባልዲ ተገልብጦ ለሚቀጥለው ለቅሶ የተቀመጠ አለ። ሸምታ «የእጄ ነው» ያለች ሁሉ ማንም ሳያያት አውጥታ እንድትጥል ይነገርልን።

ካርላ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ድና ከሆስፒታል ወጥታለች። እሁድ ደወለችልኝ። ትቆጣኛለች ስል እሷው አጽናናችኝ። «እትዬ፣ አይዞሽ፣ ምናልባት ዱቄቱ ይሆናል። እኔ የታሸገ ነገር ፈርቼ አልነካም፤ ያንቺ እጅ ስለሆነ ነው የበላሁት» አለችኝ። እውነቱን ልነግራት አፌ እምቢ አለኝ።

ከኀፍረትና ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

ኢድና ሪምፐል
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
– ለሴቶች ማኅበራችን
– ለወ/ሮ ካርላ ቴሰን