የግራ እጅ መቀስ

ደብረ ብርሃን፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለማርያማዊት፤

እንዴት ነሽልኝ? የአንኮበር ብርድ እንዴት ይዞሻል? አክስትሽ ወለተ ሥላሴስ ደኅና ናት? እኔና እናትሽ ካንቺ ሐሳብ በቀር ምንም አልሆንም። ስደውልልሽ ስለማታነሺ ነው በወረቀት የመጣሁብሽ፤ ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋም መቼም።

ያ መኪና ጣርማ በር ላይ ተገልብጦ ቀኝ እጅሽን ካሳጣሽ ወዲህ የልብስ ስፌት ሱቅሽን ከፍቼው አላውቅም ነበር። ባለፈው ብከፍተው መቀስሽ ዝጎ ጠበቀኝ። አባትሽን ታውቂዋለሽ፤ የዛገ ነገር አይቶ አያልፍም። ጓሮ ወዳለው ወርክሾፔ ወስጄ አጸዳሁትና መያዣውን ለግራ እጅ እንዲመች አድርጌ ቀየርኩት። ስሞክረው ጨርቁን አይቆርጥም፤ አጥፎ ያኝከዋል። ዕድሜ ልኩን ቶርኖ ላይ ቆሞ ብረት ሲቀርጽ የኖረ ሰው፣ መያዣውን አዙሮ ስለቱን ይረሳል? በግራ ሲያዝ ከላይ የሚውለው ስለት ሌላኛው መሆን አለበት። ስለዚህ ከአሮጌ የአይሱዙ ባሌስትራ አዲስ ስለት ቆርጬ፣ አግዬ፣ ዘይት ውስጥ ነክሬ፣ ስሞርድ ሰነበትኩ።

በግራ እጅ ብቻ ሲያዝ ያለውን ክብደቱን ግን ቀኝ እጅ ያለው ሰው አያውቀውም። ስለዚህ እናትሽ ቀኝ እጄን በነጠላዋ ከወገቤ ጋር አሰረችልኝ። ልጄ፣ የሸሚዝ ቁልፍ እንኳ አቃተኝ። የጥር ሥላሴ ማኅበር እኛ ቤት ነበር፤ እንደታሰርኩ ማዕድ ቀረብኩና በግራዬ ጎረስኩ።

«ዘርአ ዳዊት፣ ቀኝህን ምን ነካው?» አሉኝ የንስሐ አባታችን አባ ገብረመንፈስቅዱስ።

«ልጄ በግራዋ መብላቱን አፍራ ከማዕዳችን ሸሸች፣ አባ። እንዴት እንደሚያሳፍር ልየው ብዬ ነው» አልኳቸው።

እሳቸውም ወጡን ወደ እኔ ገፋ አድርገው፣ «ብላ እንግዲህ፣ ቀዘቀዘ እኮ» አሉ። በግራዬ ደግሜ ስጎርስ ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዙረሽ ብቻሽን ስትበዪ ታየሽኝ። እናትሽ ላጉርስሽ ስትልሽ ሳህኑን ለምን እንደወረወርሽው ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሰው ፊት አለቀስኩ።

ሱቅሽን ልከራየው የሚል ሰው መጥቷል። እናትሽ «ልጅቷ ከእንግዲህ አትመለስም፣ እንስጠው» ትላለች፤ ቁልፉን አምጪ ስላት ደግሞ ጠፋብኝ ትላለች። ለሰውየው እስከ ጾሙ መግቢያ ታገሠን ብዬዋለሁ። ከዚያ በኋላ ምን እንደምለው አላውቅም።

መቀሱ አሁን አሳምሮ ይቆርጣል። ያልላክሁልሽ ስላላለቀ ነው፤ የአውራ ጣት ማስገቢያው ገና አልተሞረደም። የቀኝ እጅሽን ጣቶች እርሳስ ካስያዝኩሽ ጊዜ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ፤ ዓይኔን ጨፍኜም እሠራላቸው ነበር። የግራ አውራ ጣትሽን ግን፣ የወለድኩሽ አባትሽ፣ ቀጭን ይሁን ወፍራም አላውቀውም። አንድም ቀን ልብ ብዬ አላየሁትም። በክር ለክተሽ እንዳትልኪልኝ አደራ፤ እጅሽን ራሱን ካልያዝኩ አልሠራም።

ሥላሴ ከክፉ ይጠብቁሽ፤ የቀረችሽን እጅ ይባርኩልኝ።

አባትሽ
ዘርአ ዳዊት