እድራችን የማይሸፍነው

ሜልቦርን፣ ማክሰኞ

ውድ ጋሼ ወልዴ፥

በእኔና በእርስዎ ቤት መካከል ያለው ጥቂት የትራም ፌርማታ ሆኖ ሳለ ደብዳቤ መጻፌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። ከእሑዱ ስብሰባ ወዲህ ስልኬን አያነሡም። እቤት መጥቼ እንዳልናገር ደግሞ እናትዎ እማማ እታገኘሁ ይሰማሉ፤ የምናገረው ነገር እሳቸው በቅድሚያ ከእኔ አፍ ሊሰሙት የሚገባ አይደለም። ስለዚህ ጽፌ፣ አሽጌ፣ እድሩን ከእርስዎ ጋር በሚመሩት በእትዬ አባይነሽ እጅ ልኬልዎታለሁ። እሳቸውም አላነበቡትም።

ጉዳዩን ሳላድበሰብስ ላስቀምጠው። የእማማን የጤና ኢንሹራንስ አቋርጠዋል። ቪዛቸው ግን እዚህ አገር እስካሉ ድረስ በቂ የጤና ኢንሹራንስ እንዲኖራቸው ያስገድዳል። ኩባንያው የተቋረጠውን ውል ካቆመበት የሚቀጥልበት የመጨረሻው ቀን የፊታችን ዓርብ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚገኘው አዲስ ውል ብቻ ነው፤ ከመምጣታቸው በፊት ለነበረ ሕመም የሚጠበቀው አንድ ዓመትም እንደገና ከመጀመሪያው ይቆጠራል። ሐኪማቸው የልብ ምታቸውን የሚያስተካክል ባትሪ ሊያስገቡላቸው ቀጠሮ የያዙት ደግሞ ለመጪው ወር ነው፤ ልክ ያ ዓመት ሲሞላ።

እሑድ ዕለት ይህን ሁሉ ማስረዳት ነበረብኝ፤ ጊዜውም ሆነ ቦታው አልፈቀደም። ሰው ከቅዳሴ መልስ በቤተ ክርስቲያኑ ሥር ባለው አዳራሽ ተሰብስቦ፣ እርስዎ እንደ ሊቀመንበርነትዎ ከፊት ተቀምጠው ሳለ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«ራጉኤል፣ የተማርከው ለዚህ ነው። እድራችን የእናቴን ሕክምና ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል ብለን ለቪዛው ጽፈናል፤ ማኅተሙም አለበት። አንተ ‹የፌዴራል መንግሥቱን መስፈርት ያሟላል› በልና ከሥሩ ፈርም።»

«አያሟላም ጋሼ። አልፈርምም።»

«ምኑ ነው የጎደለው?»

«እድር ኢንሹራንስ አይደለም።»

ጋዲሳ፣ እንደ ልማዱ፣ ነገሩን ሊያበርደው ሞከረ። «ኧረ ራጉኤል! እኔ እግሬን የተሰበርኩ ጊዜ እኮ የእድሩ ሰው ብዛት ነርሷን አስደነገጣት። ‹ቤተሰብ ብቻ› ስትላቸው ሁሉም ‹ወንድሙ ነኝ› አሏት። ‹እናትህ ስንት ነው የወለደችው?› ብላ እኔን ጠየቀችኝ። የትኛው ኢንሹራንስ ነው ይሄን የሚያደርግልህ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እርስዎ አልሳቁም። «ስትሞት ማን እንደሚቀብርህ ታውቃለህ?» አሉኝ። «እድር ነው። ያን ቀን ሬሳህ ተነሥቶ ‹የፖሊሲ ቁጥራችሁን አሳዩኝ› ይለን ይሆን?»

«ተው እንጂ ወልዴ፣ ልጁን አትርገመው» አሉ እትዬ አባይነሽ።

«አልረገምኩትም። መከርኩት።»

እኔም ከዚያ በላይ ቃል ሳልጨምር ወጣሁ። ዝምታዬን እንደ ንቀት እንደወሰዱት ሰምቻለሁ። ንቀት አልነበረም። ባልተጠነቀቅሁበት ቃል በሰው ፊት እንዳልመልስልዎ ፈርቼ ነበር።

አሁን ተጠንቅቄ ልመልስ። ሥራዬ፣ እንደሚያውቁት፣ የግል የጤና ኢንሹራንስ ውሎችን እያነበብኩ የፌዴራሉን መስፈርት ማሟላት አለማሟላታቸውን መመርመር ነው። ስመረምር የምጠይቀው ኩባንያው ደግ ነው ወይስ ክፉ ብዬ አይደለም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ታማሚው ሆስፒታል በገባ ቀን ይህ ውል ማንም ሊከለክለው የማይችል መብት ይሰጠዋልን? እድራችን ይህን አይሰጥም። ሰው ሲወድቅ ይመጣል፤ ግን የሚመጣው ስለወደደ እንጂ ስለተገደደ አይደለም፤ የሚያወጣውም ያለውን ያህል ነው። ማኅተም ብንጨምርበትም ይህ አይለወጥም። ይልቁንም እድሩ ለአባላቱ የሆስፒታል ወጪ እከፍላለሁ የሚል ውል መስጠት ከጀመረ፣ ያለ ምዝገባ የኢንሹራንስ ሥራ ይሠራል ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። በወረቀቱ ላይ ያለው የመጀመሪያው ስም የእርስዎ ነው። ሁለተኛው የእትዬ አባይነሽ ነው።

ቪዛቸው በእርግጥ ይሰረዛል ብዬ አላስፈራራዎትም፤ እርግጠኛ ያልሆንኩበትን አልናገርም። ሊሰረዝ ይችላል። ባይሰረዝ እንኳ ያ ባትሪ ሌላ አንድ ዓመት ይጠብቃል፤ ሐኪማቸው ደግሞ «አስቸኳይ አይደለም፤ ግን አይዘግይ» ነው ያሉት። ይህን ሲሉ አጠገብዎ ነበርኩ።

ለምን እንዳቋረጡትም አውቃለሁ። ኩባንያው የልብ ምርመራውን ወጪ «ዓመቱ አልሞላም» ብሎ አልከፍልም ያለ ዕለት በስልክ ሲነጋገሩ አጠገብዎ ቆሜ እሰማዎት ነበር። «ታዲያ ለምኑ ነው ይሄ ኢንሹራንስ? እናቴ በዚህ ዕድሜዋ ፈረስ ግልቢያ ገብታ ብትወድቅ ነው?» አሉኝ። ደንቡ የታወቀ ነው፤ በውሉም ተጽፏል። ነገር ግን ለኢንሹራንስ ሲከፍሉ ኖረው ሕመሙ ሲመጣ በር መዘጋቱ ሰውን እንደሚያቆስል አላጣሁትም። ቁጣዎ ትክክል ነበር። በቁጣው ያደረጉት ነገር ነው ትክክል ያልሆነው።

ይህን ለእርስዎ መጻፍ ለምን እንደከበደኝም ልንገርዎ። ወደዚህ አገር ስመጣ መሃል ከተማ የሌሊት ጥበቃ ሥራ ያስገቡኝ እርስዎ ነዎት። ፈተና ሲደርስብኝ የእኔን ሺፍት በራስዎ ላይ ደርበው፣ በማግስቱ ዓይንዎ ቀልቶ «እኔ መች እንቅልፍ እወዳለሁ» ይሉኝ ነበር። አባቴ ገና ልጅ ሳለሁ ነው የሞተው። እርስዎ ምን እንደሆኑልኝ አንድም ቀን በአፌ ነግሬዎት አላውቅም፤ በእኔ ባሕርይ የሚቀል ነገር አይደለም። የተማርኩት ግን በእርስዎ እንቅልፍ ነው። በዚያ ትምህርት የማያሟላውን «ያሟላል» ብዬ ብፈርም፣ ለእርስዎ የዋልኩት ውለታ የትኛው ነው?

ትናንት እርስዎ ሰንሻይን ሰፈር ባለው መጋዘን ሥራ ላይ ሳሉ እማማን ላያቸው መጥቼ ነበር።

«ወልዴን ምን አስቀየምከው?» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ። «ስምህን ባነሣሁ ቁጥር የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ ያደርገዋል።»

«የሥራ ነገር ነው እማማ።»

«የሥራ ነገር ሰው ከሰው ቤት አያስቀርም።» እጃቸውን ደረታቸው ላይ አኖሩ። «ባትሪሽ አለቀ ይሉኛል፤ እንደ ሬዲዮ። ደግሞም ፈርቼ ነበር፤ አሁንስ ወልዴ ‹አታስቢ፣ ኢንሹራንሱ አለ› ብሎኝ ልቤ ዐርፏል። አለ አይደል ራጉኤል?»

«ውሃ ላምጣልዎት» ብዬ ተነሣሁ። ወጥ ቤት ቆሜ ብርጭቆው እስኪፈስ ድረስ ቧንቧውን አልዘጋሁትም። ስመለስ ዓይናቸው ከእኔ አልተነሣም፤ ጥያቄውን ግን አልደገሙትም። የጠረጠሩ ይመስለኛል። ሁለተኛ ቢጠይቁኝ ውሃ ለማምጣት አልነሣም።

ውሉ ያለው በእሳቸው ስም ነው። እኔ ልደውልላቸው አልችልም፤ ኩባንያው አያነጋግረኝም። መደወል የሚችሉት ሁለት ሰዎች ናቸው፦ ወኪላቸው ሆነው የተመዘገቡት እርስዎ፣ ወይም ራሳቸው እማማ በአስተርጓሚ። የሚባለውም አጭር ነው፦ «የተቋረጠውን ውል ካቆመበት ቀጥሉልን።» የተቋረጠበትን ጊዜ ክፍያ ይጠይቅዎታል፤ ይቀበሉት፤ አይከራከሩ። ክርክሩን ባትሪው ከገባ በኋላ እኔው በጽሑፍ እከራከርልዎታለሁ፤ ቃል የምገባበት ነገር ይህ ነው። እድሩም ሥራ አይፈታም። ከሆስፒታል ሲወጡ የሚቀበላቸው፣ አጠገባቸው የሚያድር፣ ጋዲሳን የመሰለ የሚያስቃቸው ሰው የትኛውም ውል ላይ አልተጻፈም።

ሐሙስ ከሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ። ጠዋት እመጣለሁ። እስከዚያ ደውለው ከሆነ ለእኔ ምንም መናገር አያስፈልግዎትም፤ እማማን ጠይቄ፣ ምሳ በልቼ እሄዳለሁ፤ ይህ ደብዳቤም በመካከላችን እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። ካልደወሉ ግን አጠገባቸው ተቀምጬ ስልኩን እሰጣቸዋለሁ። ለምን እንደሚደውሉ ይጠይቁኛል፤ እነግራቸዋለሁም። ከዚያ በኋላ በርዎን ለዘለዓለም ሊዘጉብኝ እንደሚችሉ አውቃለሁ። ይህንንም አስቤበት ነው የጻፍኩት።

እማማ ግን ከልጃቸው አፍ ቢሰሙት እመርጣለሁ።

ልጅዎ፣
ራጉኤል