የአሥራ አንድ ነጥብ መርዶ

ጥር 6 ቀን 2005 ዓ.ም.
አዘዞ፣ ጎንደር

ለክቡር አቶ ኡዘይር
የአዲስ ዓለም ተወላጆች የኢንተርኔት መድረክ መሥራች፣ ዋና አስተዳዳሪና የነጥብ ሰጪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደ መድረክዎ ሕግ የጸና፣ እንቅልፍዎ የተሟላ፣ የኢንተርኔት መስመርዎም የማይቆራረጥ ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። በዕድሜ ልጄ ይሆናሉ፤ አባትዎን ዐብዱልከሪምንም ወንድሜ እል ነበር። ይሁንና በመድረክዎ ላይ ያለኝ ነጥብ አሥራ አንድ ብቻ በመሆኑ «አንተ» ለማለት አልደፈርሁም።

እኔ ከማሉዲን ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ከባለቤቴ ከዐዚዛ ጋር ከአዲስ ዓለም ተነሥተን አዘዞ ከገባን ወዲህ ከሰፈራችን ሰው ጋር የሚያገናኘን የእርስዎ መድረክ ብቻ ነበር። አላህ ልጅ አልሰጠንም። ስለዚህ ማታ ማታ ከመግሪብ ሰላት በኋላ ማን ወለደ፣ ማን ታመመ፣ ማን ቤት ሠራ የሚለውን እኔ አነባለሁ፣ እሷ ትሰማለች። ዐዚዛ ኅዳር 24 ቀን ማለዳ አረፈች። ከመሞቷ በፊት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፤ «ያስቀየምሁት ሰው ካለ አፉ በሉኝ ብላለች ብለህ ለአዲስ ዓለም ሰው ሁሉ ንገርልኝ» አለችኝ። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት በእኛ ዘንድ ሰው አፉ ሳይባል አፈር መግባትን አይወድም። እኔም በዚያው ጠዋት መርዶውንና አደራዋን ጽፌ ላክሁ። እነሆ ዛሬ አርባ ሁለት ቀን ሆነው፤ ጽሑፌ ዛሬም «ይሁንታ በመጠበቅ ላይ» ነው።

ቅሬታዬን በተራ ቁጥር ማቅረቤ የመዝገብ ቤት ልማድ ነውና ይታገሡኝ።

፩ኛ፦ ተሳትፎን ለማሳደግ ሲሉ ከመቶ ነጥብ በታች ያለው ሰው ጽሑፉ እየተመረመረ እንዲወጣ መወሰንዎ አርቆ አሳቢነት ነው። አቶ ሐምዛ በየማለዳው «እንደምን አደራችሁ» እያሉ ዘጠኝ መቶ ነጥብ ስላጠራቀሙ የጻፉት ሁሉ ያን ደቂቃ ይወጣል። እኛ ግን «ዝም አይነቅዝም» ተብለን ስላደግን፣ እያነበቡ ዝም ማለት እንደ ጥፋት እንደሚቆጠር አላወቅሁም ነበር። አሁን ተምሬያለሁ።

፪ኛ፦ ፍትሕ እንዲሰፍን ሠርግም ሞትም ዕቃ ሽያጭም እኩል በተራ ይስተናገድ ማለትዎን ማን ይነቅፋል? የእኔ ተራ አሥራ ዘጠነኛ ነበር። ቀድሞኝ የወጣው የመድረኩ ዓርማ አረንጓዴ ይሁን ሰማያዊ የሚለው ክርክር ሲሆን ሦስት ቀን ሙሉ ሰውን አወያይቷል። የእኛ ቀብር ግን ተራ አይጠብቅም። ዐዚዛ በዚያው ቀን ከሰዓት፣ ከአስር ሰላት በኋላ ተቀበረች። ለሌላ ጉዳይ መስጊድ የመጡ፣ ስሟን እንኳ የማያውቁ የአዘዞ ሰዎች ቆመው ሰገዱባት፤ አላህ ይስጣቸው።

፫ኛ፦ ድሮ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ አያ ዋኘው ነበሩ። አያ ዋኘው ክርስቲያኑንም እስላሙንም በአንድ ጥሩምባ ይለፍፉ እንጂ የማንንም ነጥብ አይጠይቁም ነበር። መድረክዎ ሲከፈት «ከእንግዲህ ጥሩምባ ኋላ ቀር ነው» ተብሎ በምስክር ወረቀት ተሸኙ። የሞተበት ሰው ራሱ ቤት ለቤት እየዞረ መርዶ አያወራምና፣ ስልካቸው ያለኝን ሰዎች በግቢያችን ዘበኛ አስደወልሁ። ያነሡት ወይዘሮ ሙሚና ብቻ ናቸው። ደንግጠው ዘጉና መድረኩን አይተው ተመልሰው ደወሉ፤ መድረኩ ላይ እኮ የለም፣ ምነው እንዲህ ባለ ነገር ይቀለዳል ብለው ተቆጡን። በአዲስ ዓለም ሕግ ዐዚዛ አልሞተችም ማለት ነው። ሠላሳ ወንበር ተውሼ ደርድሬ ነበር፤ ሦስቱን ቀን አብሮኝ የተቀመጠው ያው ዘበኛ አላምረው ብቻ ነው። እሱም እየማለ ሌላው ሰው ነገ ይመጣል ይለኝ ነበር።

፬ኛ፦ በአራተኛው ቀን ከኮሚቴዎ መልስ ደረሰኝ። ጽሑፍዎ ተሳታፊን የሚያወያይ ጥያቄ ስለሌለው መጨረሻው ላይ «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» የሚል ይጨምሩ ይላል። በሚስት ሞት ላይ «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ብሎ መጻፍ አቃተኝ። «አፉ ትሏታላችሁ ወይ?» ብዬ አስተካክዬ ላክሁ። አዎ ወይም አይደለም ተብሎ የሚመለስ ጥያቄ ውይይት አያዳብርም ተብሎ ዳግመኛ ተመለሰ፤ እንደገና ተራ ያዝሁ። መዝገብ ቤት ሳለሁ እኔም ፋይል አዘግይቼ አውቃለሁ፣ አልዋሽዎትም፤ ነገር ግን ከሬሳ ጥያቄ ጠይቄ አላውቅም።

ስለዚህ ሁሉ ድካምዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የምለምንዎት አንድ ነገር ነው፤ መርዶዋን ያውጡልኝ። ነጥብ አልፈልግም። ሰው ይምጣልኝ ብዬም አልለምንም፤ ወንበሩን መልሻለሁ። ቤቱ ጭር ብሏል፣ ከብዶኛል። ዛሬም ከመግሪብ በኋላ መድረኩን ከፍቼ ድምፄን አውጥቼ አነባለሁ፤ የሚሰማኝ የለም። ይህ ደብዳቤ በወረቀት በአዲስ ዓለሙ እድራችን ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውም መድረክዎ ዘንድ ተራዬ እስኪደርስ ዕድሜዬ እንዳያልቅ ሰግቼ ነው።

የክቡርነትዎን ሰፊ ጊዜ በጠባብ ሐዘኔ ስላጣበብሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ የነጥብዎን ጥላ ተጠልዬ፣ በታላቅ አክብሮትና በአሥራ አንድ ነጥብ እሰናበታለሁ።

ከማሉዲን
የመድረኩ ዝምተኛ አባል

ግልባጭ፦
ለአያ ዋኘው፣ ጥሩምባቸው ካለ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዐዚዛ ፊደል ባትቆጥርም በስሟ የተከፈተ የአባልነት መግቢያ ነበራት፤ እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፍላታለሁ። ሰውን ሁሉ በስሙ እየጠራች ስለምትመርቅ ነጥቧ ከስድስት መቶ በላይ ነው። ትናንት ተስፋ ብቆርጥ በእሷ ስም ገብቼ «የአዲስ ዓለም ሰዎች፣ ያስቀየምኋችሁ ካላችሁ አፉ በሉኝ» ብዬ ጻፍሁ። ጥያቄ የለውም ሳይባል ያን ደቂቃ ወጣ። እስኪመሽ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው አፉ አላት። እርስዎም ራስዎ «እትዬ ዐዚዛ፣ እኛን ምን አድርገውን ያውቃሉ? ጋሼ ከማሉዲንም እንደ እርስዎ ቢሳተፉ ምን ነበረበት፤ አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው» ብለው ጻፉላት። በእሷ ስም አሜን ብዬ መልሼልዎታለሁ።