ቀድሞ ወጥቶ ዘግይቶ የሚደርስ

ይድረስ ለወንበር ጎረቤቴ፣

እንደምን ከርመሃል? ያ ወገብህስ ተሻለው ወይስ ዛሬም እንደ ሽማግሌ እያቃሰትክ ነው የምትነሳው? እኔ ደህና ነኝ። መነጽሬ ወፍሯል፤ ምላሴ ግን እንዳለ ነው።

ወንበርህ ዛሬም መስኮቱ ሥር ነው። ዝናብ ሲጥል የሚያፈሰውን ጣሪያ አልጠገኑትም፤ አንተ ያስቀመጥካት የወተት ጣሳ እስከ ትናንት እዚያው ነበረች። አጠገቤ ሦስት ሰው ተቀያየረ። እንዳንተ ኮድ እያነበበ የሚያፏጭ ግን አልመጣም። ያኔ «ዝም በል፣ አሳሳትከኝ!» እያልኩ እቆጣህ ነበር። ናፍቆኛል።

ባለፈው ሳምንት አለቃችን ያንን አንተ የጻፍከውን ፕሮግራም፣ የዲስክ ድራይቨሩን፣ እንደገና እንድገመግመው ሰጠኝ። ከሰርቨሩ ወደ ዲስኩ ሁለት መንገድ አለ፣ አንዱ ዝም ሲል ሥራው ወደ ሌላው ይዞራል፤ እሱን የሚያዞረውን። የለውጡን ታሪክ ወደ ኋላ ስገልጥ የሁለታችንን ስም አገኘሁ፦ ጸሐፊ አንተ፣ ገምጋሚ እኔ። ከሥሩ ደግሞ ያ ጥፋት። ድራይቨሩ በመጀመሪያው መንገድ የወጣው የመጻፍ ትእዛዝ መሰረዙን ሳያረጋግጥ ያንኑ በሁለተኛው ይልካል። ዲስኩ ላይ አዲስ ነገር ከተጻፈ በኋላ የሞተ የመሰለው መንገድ ነፍስ ይዘራና የዘገየውን ያደርሳል፤ አሮጌው አዲሱን ያጠፋዋል። የዚያ ደንበኛችን የነበረው ሆስፒታል የሕሙማን መዝገብ የተደበላለቀው እንዲህ ነበር።

ሰባት መስመር ናት። ያነበበ ሁሉ ያያታል። እኔ አላነበብኩም። ያን ቀን ከሥራ በኋላ ሻይ እንጠጣ ብለኸኝ ነበር፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሰሃል። «አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው» ብዬ ስሜን አኖርኩና ቀድሜህ ወጣሁ።

ስትጠየቅ «እሷ አስጠንቅቃኝ ነበር፤ ያልሰማኋት እኔ ነኝ» አልክ። አላስጠነቀቅኩህም። ዝም አልኩ። አንተ ተባረህ ዕቃህን በካርቶን ታቅፈህ ወጣህ፣ እኔ ዕድገት አገኘሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የኔ ንጋት ስምንት ዓመት ፈጀ።

ትናንት አለቃችን ዘንድ ገብቼ ሁሉንም ነገርኩት። «ይሄ ሁሉ ዓመት ካለፈ በኋላ ምን ይፈይዳል?» አለኝ። «ለእርስዎ ምንም። ለሱ ግን ስሙ ነው» አልኩት። ግምገማው ላይም ጽፌዋለሁ፤ ፋይሉን የከፈተ ሁሉ ያነበዋል። እኔንም አሰናብተው ካርቶን ሲሰጡኝ ጣሳዋን ከሁሉ በላይ አስቀመጥኳት።

አሁን አንድ ነገር ልለምንህ። የሄድክ ሰሞን በእህትህ አድራሻ ደብዳቤ ልኬልህ ነበር። ቤት መቀየሯን የሰማሁት በኋላ ነው፤ ይድረስህ አይድረስህ እስከ ዛሬ አላውቅም። «ጥፋቱ ያንተ ነው፣ ሁለተኛ እንዳትጽፍልኝ» የሚል ነው። እውነቱን ታወጣብኛለህ ብዬ ፈርቼ ነው የጻፍኩት። ይህኛውን አሁን ባለህበት ከተማ ያየህ ወንድሜ በእጁ ይሰጥሃል። ያ የመጀመሪያው ከዚህ በኋላ ድንገት ቢደርስህ፣ አደራ፣ ሳትከፍት ቅደደው። እሱ ቀድሞ ወጥቶ ዘግይቶ የደረሰ ነው።

ፈጣሪ ጤናህን ይስጥህ፣ ወገብህን ያጽናልህ፣ ፉጨትህንም አያጥፋብህ።

ለመሆኑ የቤትህ ጣሪያ ያፈሳል? ካፈሰ ጻፍልኝ። ጣሳዋ እኔ ጋ ናት።

የወንበር ጎረቤትህ